ሞተር ከመውረዱ በፊት



መኪና አቅም ሲያንሰው፣ ጭስ ሲያበዛ ወይም ዘይት ሲበላ በየጋራዡ በር የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፦ «ፋሻ ጨርሷል፤ ሞተሩ ይውረድ።» ፍርዱ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ምስክር ሳይሰማ የሚፈረድበት ጊዜም ብዙ ነው። ባለንብረቱ ተበድሮ ሞተሩን ያስወርዳል፤ መኪናው ሥራ ፈቶ ይቆማል፤ አዲስ ፋሻ ይገባለታል። ሞተሩ ተመልሶ ሲነሳ ጭሱ እንደነበረው ይቀጥላል፤ ጥፋቱ መጀመሪያውኑ የፋሻው አልነበረማ!

ንግግርህን አሳጥረው ብትሉኝ እንዲህ እላችኋለሁ፦ ሞተር የሚወርደው ተመርምሮ ነው። የምርመራው ቁጥር የሚነበበውም በከተማችን በጊንጪ ከፍታ እንጂ በባሕር ዳርቻ ልክ አይደለም። የቀረው ሁሉ የእነዚህ ማብራሪያ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ለምን እንዳሳሰበኝ ላስረዳ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ በእጃችን ያሉት ቪትዞች፣ ኮሮላዎችና ሚኒባሶች ገና ብዙ ዓመት ያገለግሉናል ማለት ነው። ሞተራቸው ባረጀ ቁጥር «ፋሻ ነው ወይስ ሌላ?» የሚለው ጥያቄ በየቀኑ ይነሳል። መለዋወጫ ፍለጋ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ድረስ ለሚወርድ የጊንጪ ወይም የአምቦ ባለንብረት የዚህ ጥያቄ መልስ የቤት ወጪ የሚያናጋ ነው።

እስቲ ፋሻው፣ ማለትም የፒስቶኑ ቀለበት፣ ምን እንደሚሠራ እንይ። በአብዛኞቹ የመኪና ሞተሮች እያንዳንዱ ፒስቶን ሦስት ፋሻ ይታጠቃል። የላይኞቹ ሁለቱ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ታች እንዳያመልጥ ይይዛሉ። ሦስተኛው የዘይት ፋሻ ነው፤ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የተረጨውን ዘይት ጠርጎ ወደ ታች ይመልሳል፤ ለማለስለሻ የሚበቃ ስስ ሽፋን ብቻ ያስቀራል። ፋሻው አንድ ቦታ ላይ የተቆረጠ ስለሆነ እንደ ስፕሪንግ ወደ ውጭ ይለጠጣል። ይህን የተቆረጠ የብረት ፋሻ ለእንፋሎት ሞተር የሠራው ጆን ራምስቦተም የተባለ እንግሊዛዊ የባቡር መሐንዲስ ነው፤ ጊዜውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1850ዎቹ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የተቀበሏት አውቶሞቢልም ሆነች ዛሬ በዚህ በር የሚያልፈው ሚኒባስ በዚሁ ዘዴ ነው የሚሠሩት።

የሥራውን ብዛት አስቡት። አንድ ሚኒባስ ከጊንጪ አዲስ አበባ ለመግባት ሁለት ሰዓት ቢወስድበትና ሞተሩ በደቂቃ በአማካይ 2,500 ጊዜ ቢዞር፣ በዚያች ጉዞ ብቻ 300,000 ጊዜ ይዞራል። እያንዳንዱ ፋሻ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች እያለ 600,000 ጊዜ ግድግዳውን ይታከካል ማለት ነው። በመካከል ንጹሕ ዘይት ካለ ይህን ለዓመታት ይችለዋል። አቧራ ከገባ ግን ያው ዘይት የሚፍቅ ጭቃ ይሆናል።

አቧራ ደግሞ በወረዳችን በደንዲ ሞልቷል። ክረምት ጭቃ የሚሆንብን ይኸው ጥቁር መሬት በበጋ ይሰነጠቅና ይቦናል። ጤፍና ስንዴ በሚወቃበት ሰሞን ገለባው በአየር ላይ ይንሳፈፋል። ሞተሩን ከዚህ ሁሉ የሚጠብቀው አንድ የወረቀት ፊልትሮ ነው። እኛስ ፊልትሮውን እንዴት እንይዘዋለን? ጎሚስታው ዘንድ ወስደን በኮምፕሬሰር እናስነፋዋለን። ነፋሱን ከውጭ ወደ ውስጥ ከሰጠነው አቧራውን ወረቀቱ ውስጥ እንቀብረዋለን፤ አጠገቡ ይዘን ከነፋነውም ወረቀቱ ይበሳል። ፊልትሮ የሚነፋው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ ራቅ ተደርጎ፣ በልኩ። ከተነፋ በኋላ ወደ ብርሃን አንሱትና በውስጡ እዩ። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ ብርሃን ካሳየ ይጣል። ሲመለስም ጠርዙ ላይ ያለው ጎማ በደንብ መግጠሙን በጣት ዳስሱት፤ ባልገጠመ ፊልትሮ ዙሪያ የሚገባ አቧራ ፋሻን እንደ ሞረድ ይበላል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ሌሎቹ ምክንያቶች የታወቁ ናቸው፦ ጊዜው ያለፈበት ዘይት፣ ውሃ ጨርሶ የጋለ ሞተር፣ ተደባልቆ የተሸጠ ዘይት። አንድ ነገር ግን ለዩልኝ። ፋሻ ሳይበላም ሊያጠፋ ይችላል። የተቃጠለ ዘይት ፋሻው በተቀመጠበት የፒስቶን ቦይ ውስጥ ሲጋገር ፋሻው ይጣበቅና መለጠጥ ያቆማል። ምልክቱ ከተበላው ፋሻ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ሕክምናው ግን ሊለይ ይችላል። አንዳንዱን ማጽጃ ፈሳሽና በጊዜው የሚቀየር ጥሩ ዘይት ያላቅቀዋል።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። ቅደም ተከተሉ ገንዘብ ከማያስወጣው ወደሚያስወጣው ነው።

መጀመሪያ ጭሱን እንይ። ሰማያዊ ጭስ የሚቃጠል ዘይት ነው። ጥቁር ጭስ ነዳጅ ሲበዛ ወይም ፊልትሮ ሲዘጋ ይመጣል፤ ከፋሻ ጋር አታያይዙት። በጊንጪ ብርድ ማለዳ ከማርሚታ የሚወጣው ነጭ እንፋሎት ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ ጤነኛ ነው፤ ሳይጠፋ ከቀጠለና ራዲያተሩ ውሃ ከጎደለው የቴስታታውን ጓርኒሲዮን ጠርጥሩ። ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚቃጠልባቸው የቆዩ ባለ ሁለት ምት ሞተር ብስክሌቶችማ ሰማያዊ ጭስ ተፈጥሯቸው ስለሆነ ይህ ምርመራ አይመለከታቸውም።

ሰማያዊው ጭስ ከታየ በኋላ የሚጠየቀው «መቼ ነው የሚያጨሰው?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ አገራችን ራሷ መመርመሪያ ሰጥታናለች። ከአምቦ ወደ ወንጪ የሚወጣውን መንገድ ታውቁታላችሁ፤ ከ2,100 ሜትር ግድም ተነስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ወደ ላይ ስትወጡ፣ ነዳጅ ረግጣችሁ ሞተሩ ጭነት ላይ ሳለ፣ ሰማያዊው ጭስ ከኋላ ያለማቋረጥ ከተከተላችሁ ወደ ፋሻው ያመለክታል። ወደ ታች ስትመለሱ፣ እግራችሁን ከነዳጁ አንስታችሁ በማርሽ ይዛችሁ ወርዳችሁ፣ ታች ደርሳችሁ ነዳጅ ስትሰጡ አንዴ ቡልቅ ብሎ ከጠፋ ግን ጥርጣሬው ወደ ባልቦላው ጎማ ይዞራል። ነዳጅ ስንለቅ የአየር መግቢያው ይዘጋል፤ ሞተሩ የሚስበው አየር ሲያጣ በባልቦላው እግር ዙሪያ ያለውን ዘይት ይስባል። ማለዳ ሲነሳ ብቻ አጭሶ የሚተወውም የዚሁ ወገን ነው፤ ሌሊቱን ዘይት በጎማው በኩል ሲንጠባጠብ አድሯል። የባልቦላ ጎማ ለመቀየር ደግሞ ሞተር አይወርድም።

ሁለተኛው የዘይቱ ልክ ነው። «ዘይት ይበላል» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ስንት ይበላል? መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ ማለዳ ሳይነሳ ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት ሙሉ፣ ኪሎ ሜትሩን ጻፉ። ከጊንጪ አዲስ አበባ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስድስት ደርሶ መልስ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ያኔ ወደ ላይኛው ምልክት ለመመለስ የጨመራችሁት ዘይት መልሱን ይነግራችኋል። በ1,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ከደረሰ ወይም ካለፈ ሞተሩ ቀጣዩን ምርመራ ይፈልጋል። ከዚያ በፊት ግን ከመኪናው ሥር እዩ፤ ያቆማችሁበት መሬት ላይ የሚንጠባጠብ ዘይት በፋሻ አይሳበብ።

ሦስተኛው የሞተሩ እስትንፋስ ነው። ሞተሩ ሞቆ በዝግታ እየሠራ ሳለ የዘይት መሙያውን ክዳን ቀስ አድርጋችሁ ፍቱ፤ የጋለ ዘይት ሊረጭ ስለሚችል ፊታችሁን ራቅ አድርጉ። ክዳኑን ገልብጣችሁ በቦታው ላይ ብቻ አስቀምጡት። ትንሽ መንቀጥቀጥ ያለ ነው። ጢሱ ትፍ ትፍ እያለ ክዳኑን የሚያዘልለው ከሆነ ግን የሚቃጠለው ጋዝ ፋሻውን አልፎ ወደ ታች እየወረደ ነው። እዚህም አትቸኩሉ፦ የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ በቆሻሻ ሲዘጋም ይኸው ምልክት ይታያል። ቱቦውን አውጥታችሁ ካጸዳችሁ በኋላ ድገሙት።

አራተኛው ካንዴላው ነው። ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር ከሆነ አራቱንም ፈትታችሁ በተራቸው ደርድሩ፤ የየትኛው ሲሊንደር እንደሆነ እንዳይጠፋባችሁ ከቁጥር አንድ ጀምሩ። ሦስቱ ደረቅና ቡናማ ሆነው አንዱ በዘይት የራሰና ጥቁር ከሆነ ችግሩ በየትኛው ቤት እንደሆነ አገኛችሁ ማለት ነው። የፋሻ ይሁን የባልቦላ ገና አይታወቅም፤ ቤቱ ግን ታውቋል።

አምስተኛው ዋናው ነው፤ የኮምፕሬሽን መለኪያ። ካንዴላዎቹ እንደወጡ ናቸው። ሞተሩ የሞቀ ይሁን። ነዳጁና የእሳት መስመሩ ይቋረጥ፤ አለበለዚያ ቤንዚኑ ሲሊንደሩን አጥቦ ቁጥሩን ያበላሸዋል፤ አደጋም አለው። ማርሹ ነጻ ይሁን፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ ደካማ ባትሪ ጤነኛ ሞተርን በሽተኛ ያስመስላል። አንድ ሰው የነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጦ ይያዝ፤ ይህ የሚረሳ ነገር ነው፤ ካልተረገጠ አየር አይገባም፣ ቁጥሩም ይወድቃል። ከዚያ ሞተሪኖው ሞተሩን አምስት ስድስት ጊዜ እንዲመታው አድርጉ፤ ለአራቱም እኩል። ቁጥሩን ጻፉ።

እንበልና በፒኤስአይ 136፣ 138፣ 95፣ 135 አገኛችሁ። ሦስተኛው ወድቋል። አሁን አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ሦስተኛው ሲሊንደር ውስጥ ጨምሩና እንደገና ለኩ። ዘይቱ በፒስቶኑ ዙሪያ ገብቶ የፋሻውን ክፍተት ለጊዜው ይደፍናል። ቁጥሩ ወደ 125 ወይም 130 ዘሎ ከወጣ ጥፋተኛው ፋሻው ወይም የሲሊንደሩ ግድግዳ ነው። 97 ላይ ከቀረ ዘይቱ ሊደፍነው በማይችለው ቦታ ነው የሚያልፈው፤ ባልቦላ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ወድቀው ዘይቱ ካልቀየራቸው ደግሞ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ተበልቷል። ባልቦላም ሆነ ጓርኒሲዮን ቴስታታ ከማውረድ አያልፍም። አንዲት ማንኪያ ዘይት ሙሉ ሞተር ከመውረድ አዳነች ማለት ነው።

ለአይሱዙና ለሌሎች የናፍጣ መኪኖች ባለቤቶች ማስጠንቀቂያ አለኝ። የናፍጣ ሞተር የሚያምቀው ከቤንዚኑ እጥፍ በላይ ስለሆነ የራሱ መለኪያ ያስፈልገዋል። የማንኪያውን ዘይት ደግሞ በናፍጣ ሞተር አትሞክሩት፤ ከፒስቶኑ በላይ ያለው ቦታ ጠባብ ነው፣ ዘይቱም ታምቆ ራሱ ሊነድድ ይችላል።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልመለስ፤ ብዙ ጤነኛ ሞተር የተፈረደበት እዚህ ላይ ነውና። የአምራቹ መጽሐፍ፣ ወይም አንድ ወጣት መካኒክ ከስልኩ ያገኘው ሰንጠረዥ፣ «180 መሆን አለበት፤ ከ145 ካነሰ ሞተሩ ይጠገን» ይላል እንበል። ወጣቱ ለክቶ 138 ያገኛል። አራቱም ሲሊንደር 138 አካባቢ ነው። ወዲያው «አራቱም ፋሻ ጨርሷል» ይላል። ስህተቱ የለካው እጅ ላይ አይደለም። ሰንጠረዡ የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው።

ጊንጪ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ግድም ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ 77 በመቶ ግድም ነው። ሲሊንደሩ የሚያምቀው የሳበውን አየር ነው፤ የሳበው ሲሳሳ ያመቀውም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ ጅቡቲ ወደብ ላይ 180 የሚያሳይ ያው ሞተር፣ ምንም ሳይነካ፣ ድሬዳዋ ላይ 156 አካባቢ፣ ጊንጪ ላይ 138 አካባቢ፣ ወንጪ አናት ላይ ደግሞ 125 አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ አልተለወጠም፤ አየሩ ነው የሳሳው። ያ ወጣት ያገኘው 138 እንግዲህ የጤነኛ ሞተር ቁጥር ነበር። የመጽሐፉ ዝቅተኛ 145 በጊንጪ ሲመነዘር ደግሞ 112 ግድም ይሆናል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የመጽሐፉን ቁጥር በ0.77 አባዙት።

ስለ አቅም የሚነሳው ክስም በዚሁ ይመዘን። ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከአቅሙ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ወደ ደንዲ ሐይቅ ወይም ወደ ወንጪ ስትወጡ መኪናው ቢደክም የፋሻ ማስረጃ አይሆንም። ለዚህ ነው ከቁጥሩ መጠን ይልቅ የአራቱን መቀራረብ አጥብቃችሁ እንድታዩ የምመክረው። አራቱም እኩል ስስ አየር ነው የሚስቡት፤ አንዱ ብቻ ከወንድሞቹ ተለይቶ ከወደቀ ከፍታ አያመካኝም። ዝቅተኛው ከከፍተኛው ከ75 በመቶ በታች ከሆነ መፍትሔ ይፈለግለት።

አሁንም ጥርጣሬ ከቀረ አንድ ምርመራ አለ፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ኮምፕሬሰር በየጎሚስታው ይገኛል። የተጠረጠረውን ፒስቶን ሁለቱም ባልቦላዎች በተዘጉበት ሰዓት ላይኛው ጫፍ ላይ አቁሙና ሞተሩ እንዳይዞር ያዙት። በካንዴላው ቀዳዳ በኩል ነፋስ ስጡና ጆሯችሁን አቅርቡ። በዘይት መሙያው በኩል ከነፋ ፋሻ፣ በአየር መግቢያው ከነፋ የመግቢያው ባልቦላ፣ በማርሚታው ከነፋ የመውጫው ባልቦላ ነው። ራዲያተሩ ውስጥ ውሃው ከተንፈቀፈቀ ጓርኒሲዮን ነው። ከጤነኛ ሲሊንደርም ትንሽ ነፋስ በፋሻው በኩል ያልፋል፤ ስለዚህ ሁለቱን አወዳድሩ።

መኪና ለመግዛት ያሰባችሁም ይህን ያዙ። ሻጩ «መጥታችሁ እዩት» ሲል ማለዳ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ድረሱ። መጀመሪያ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩት፤ ሞቆ ከቆየ የማለዳውን ጭስ እንዳታዩ ተደርጎ ሊሆን ይችላል። ወፍራም ዘይት ተሞልቶ ጭሱ ለጥቂት ቀናት የሚደበቅበት ዘዴም አለ። ደላላው ቢያጣድፋችሁ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች በሉት፤ አራቱ ቁጥር ሳይለካ ሊብሬ አትቀበሉ።

ምርመራው ሁሉ «ፋሻ ነው» ካለ ግን ያለ ጸጸት አውርዱት። ሲወርድም ፋሻ ገዝቶ መክተት ብቻ መፍትሔ አይሆንም። ጥፍራችሁን በሲሊንደሩ የላይኛው ጠርዝ ላይ አንሸራትቱ፤ ፋሻው የማይደርስበት ቦታ ላይ ደረጃ ካገኛችሁ ግድግዳው ተበልቷል። አዲሱን ፋሻ ያለ ፒስቶኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡና በተቆረጠበት ቦታ ያለውን ክፍተት በስስ የብረት ቅጠል ለኩ። እንደ አንዳንዱ ቪትዝ ባለ 75 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር አዲስ ፋሻ ሩብ ሚሊ ሜትር ግድም ክፍተት ይኖረዋል። አዲሱ ፋሻ ገብቶ እያለ ክፍተቱ ከዚያ እጅግ ከሰፋ የበላው ፋሻው ብቻ አይደለም፤ ሲሊንደሩ በማሽን ተፍቆ ተለቅ ያለ ፒስቶን ሊገባለት ይገባል። ያለዚያ በተበላ ግድግዳ ላይ አዲስ ፋሻ መክተት ገንዘብን ወንዝ መጣል ነው። ፋሻዎቹ ሲገጠሙም የተቆረጡበት ቦታ በአንድ መስመር እንዳይገናኝ ዙሪያውን አከፋፍሉት።

ለማጠቃለል አንድ ሐሳብ ላቅርብ፤ የመጣሁትም በዋናነት ለዚህ ነው። እስካሁን የምንሠራው በሰው አገር ሰንጠረዥ ነው። የራሳችን ቁጥር ያስፈልገናል። እያንዳንዱ ጋራዥ አንድ ደብተር ይክፈት። የመኪናው ዓይነት፣ የተጓዘው ኪሎ ሜትር፣ የአራቱ ሲሊንደር ቁጥር፣ ከማንኪያው ዘይት በኋላ የተገኘው ቁጥር ይጻፍ፤ ሞተሩ ከወረደም በውስጡ በእርግጥ የተገኘው ይጨመር። በሽተኛውን ብቻ ሳይሆን ለአገልግሎት የመጣውን ጤነኛ ሞተርም ለኩ፤ በሽታ የሚታወቀው ጤና ሲታወቅ ነውና። በአምቦ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ የሚማሩ ልጆቻችን የጊንጪን፣ የአምቦንና የጉደርን ደብተሮች ሰብስበው ቢያነጻጽሩ፣ በእኛ ከፍታ ላይ ጤነኛ ቪትዝ ስንት፣ ጤነኛ ሚኒባስ ስንት እንደሚያሳይ በየጋራዡ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ሰንጠረዥ ይወጣል።

ባለንብረቶችም የእናንተ ድርሻ አለ። «ሞተሩ ይውረድ» ስትባሉ አትቆጡ፣ አትሽሹም። «ወንድሜ፣ አራቱን ቁጥር አሳየኝ፤ ከዘይቱ በፊትና ከዘይቱ በኋላ» በሉ። ሙያውን የሚያውቅ መካኒክ በዚህ ጥያቄ ደስ ይለዋል፤ ጽፎ ያሳያችኋል። ቁጥር የሌለው ከሆነ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ወደሚለካው ሂዱ።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሱ።